ኮኔክተሮቹን በዕድሜ ደለደልኳቸው

ስለ ካሜራ ኬብል ጫፍ ይህን ያህል የሚወራ ነገር ይኖራል ብላችሁ እንደማትገምቱ አውቃለሁ። እኔም እስከ ባለፈው ኦክቶበር ድረስ አልገምትም ነበር። ይሁንና ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ አንዲት ብረት የሰው ስም ልታጠፋ ምንም አልቀራትም፤ ብረቷን የመረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ። መረጥኩ ማለቱ ራሱ ይከብደኛል። ያ ሁሉ የመጣው ላለመምረጥ ስል ነው።

መጀመሪያ ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ትርሲት እባላለሁ። በፈረንጆቹ 2015 ሎስ አንጀለስ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር፤ በአንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ መማር ከጀመርኩ ደግሞ ሰባተኛ ሳምንቴ። ዕቅዴ ሁለት ዓመት እዚያ ተምሬ ዌስትውድ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር ማድረግ ነው። ክፍል ውስጥ ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። የቤት ሥራዬን አንድ ቀን ቀድሜ አስረክባለሁ። አስተማሪው “ጥያቄ አለ?” ሲል ጥያቄ ባይኖረኝም እንዳይከፋው ብዬ አንድ እፈልጋለሁ።

የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት በተደረደረበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ ግን ሰባት ሳምንት የተማረ ሰው ተማሪ አይባልም፤ ኢንጂነር ነው። የምግብ ቤት ቴሌቪዥን ድምፅ እምቢ ሲል እጠራለሁ። የአዛውንት ስልክ ሲቆለፍ እጠራለሁ። አንድ ጊዜ የተበላሸ የልብስ ማጠቢያ ማሽን እንዳይ ተጠርቼ፣ አላውቅም ለማለት አፍሬ፣ ማሽኑን ግማሽ ሰዓት ሙሉ በቁም ነገር ስመለከተው ቆየሁና “ቮልቴጅ ነው” ብዬ ወጣሁ። መርቀው ሸኙኝ።

እትዬ ጥሩወርቅም የጠሩኝ ይህን ዝናዬን ሰምተው ነው። ሱቃቸው በርበሬ፣ ሽሮ፣ የሐበሻ ልብስና የስልክ ካርድ ይሸጣል። ሰው ሱቁን የሚወደው ግን በጓሮ በኩል ስላለችው መደርደሪያ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ እስኪገኝ ድረስ ሰዉ ለእናቱ መድኃኒት፣ ለወንድሙ ጫማ፣ ለእህቱ ልጅ ስልክ ጠቅልሎ፣ ስም ጽፎበት እዚያ ያስቀምጣል። መንገደኛ ሲገኝ እትዬ ያስረክባሉ። ደረሰኝ የለም። ደረሰኝ የጠየቀ ሰው እትዬን እንደሰደበ ይቆጠራል።

በዚያ በጋ ሁለት ዕቃ ከመደርደሪያዋ ጠፋ። እትዬ አራት ካሜራና አንድ መቅጃ ሣጥን ገዙና ደወሉልኝ።

“ትርሲትዬ፣ ቅዳሜ መጥተሽ ኢንስቶል ታደርጊልኛለሽ። ለአንቺ ምን አላት!”

“እሺ እትዬ፣ ችግር የለም” አልኩ። ካሜራ ሰቅዬ አላውቅም ነበር።

ካሜራ የሚያየውን በጥቁር ወፍራም ኬብል ወደ መቅጃው ይልካል። በኬብሉ በሁለቱም ጫፍ ኮኔክተር የሚባል ብረት ይገጠማል። እሱ ከላላ ካሜራው ቢያይም አይናገርም። ከሣጥኑ ጋር የመጣው ኬብል ለሱቁ ስላጠረ፣ በጥቅል የሚሸጠውን ገዝቼ፣ በልኩ ቆርጬ፣ ጫፉን ራሴ መግጠም ነበረብኝ። አስተማሪዬን ሄጄ ጠየቅኩት። ሦስት ዓይነት አለ አለኝ። አንደኛው በእጅ ተጠምዝዞ የሚገባ ነው፤ ቀላል ነው፣ ይላላል። ሁለተኛው ክሪምፕ ነው፤ በመቆንጠጫ ይጨመቃል፣ ልኩ ከተገኘ ደህና ነው። ሦስተኛው ኮምፕሬሽን ነው፤ በራሱ መሣሪያ ይገፋል፣ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ደብተሬ ላይ “ኮምፕሬሽን። ሌላ አትጠቀሚ” ብዬ ጽፌ ሁለቴ አሰመርኩበት። መሣሪያውንም ከኮሌጁ ላብራቶሪ ተዋስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መሰላል ላይ ሆኜ መጀመሪያ የሰማሁት የጋሼ ይልማን ድምፅ ነው። ጋሼ ይልማ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ለብዙ ዓመት ፓርኪንግ ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዋናው ሥራቸው ግን ማስታረቅ ነው። ፌርፋክስ ላይ ያልታረቁ ባልና ሚስት ካሉ ጋሼ ይልማ ጠባቸውን ገና ያልሰሙላቸው ናቸው።

“ትርሲትዬ፣ ይኸው አመጣሁልሽ!” አሉና የፕላስቲክ ከረጢት አነሱልኝ። ውስጡ በእጅ የሚጠመዘዙት ሞልተዋል። “እነዚህ ወርቅ ናቸው። መሣሪያ አይሉ፣ ምን አይሉ። ጠምዘዝ፣ ጠምዘዝ፣ አለቀ!”

“ጋሼ፣ እኔ እንኳን ይዣለሁ…”

“የያዝሽውን ለሌላ ቀን አስቀምጪው። እኔ ፓርኪንጉ ላይ ስንቱን ካሜራ በእጄ ሰቅያለሁ!”

ይህን ሲሉ የታክሲ ሹፌሩ ሙሉጌታ ገባ። ሙሉጌታ የማያውቀው ሙያ የለም፤ ያልሠራው ግን ብዙ ነው። ከረጢቱን አየና ሳቀ።

“ጋሼ፣ ይሄ የጠርሙስ ክዳን ነው እኮ። ክሪምፕ ነው የሚያዋጣው። እኔ ከነመቆንጠጫው መኪናዬ ውስጥ አለኝ።”

“አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ?”

“ጠምዛዛ ነገር የሐበሻ ፖለቲካ ብቻ ይበቃናል፣ ጋሼ!”

መሰላሉን የያዘችልኝ ሰናይት ናት። ሰናይት እትዬ ጋር ተቀጥራ የምትሠራ፣ አገር ውስጥ ከገባች ዓመት ያልሞላት፣ የጥገኝነት ወረቀቷ ገና በመታየት ላይ ያለ ልጅ ናት። ኮሪያታውን ሰፈር ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ አፓርታማ ትጋራለች። ቀና ብላ አየችኝና “ኢንጂነሯ፣ እነሱ እስኪታረቁ ካሜራው ጡረታ ይወጣል” አለችኝ።

መናገር የነበረብኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ “ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፣ ግን እነዚህ ይላላሉ።” ደብተሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ሁለቴ የተሰመረበት። ጋሼ ይልማ ግን ያን ከረጢት ይዘው ሁለት አውቶቡስ ተሳፍረው ነው የመጡት። ሙሉጌታ ደግሞ ብዙ ጊዜ በነፃ ራይድ ሰጥቶኛል። ማንንም ማስቀየም አልፈለግኩም።

ስለዚህ ኮኔክተሮቹን በዕድሜ ደለደልኳቸው።

አትሳቁ። ያኔ ብልህነት መስሎኝ ነበር። በእኛ ወግ ትልቅ ሰው ትልቁ ቦታ ላይ ይቀመጣል አይደል? ከካሜራዎቹ ሁሉ ትልቁ ቦታ የተሰጠው ሦስተኛው፣ የዕቃ መደርደሪያዋን የሚያየው ነው። እሱ ላይ የጋሼን አደረግኩ። በሩንና ሒሳብ መክፈያውን ለሚያዩት የሙሉጌታን ሰጠሁ። የራሴን፣ አይለቅም የተባለውን፣ እንደ ታናሽነቴ ጓሮ የቆሻሻ ገንዳውን ለሚያየው ለአራተኛው ካሜራ ገጠምኩ። ሁሉም ደስ አላቸው። ጋሼ ይልማ የራሳቸውን በእጃቸው ጠምዝዘው “እደጊ!” አሉኝ። ያ የቆሻሻ ገንዳ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ መስታወት ጥርት ብሎ ይታያል።

ሁለት ሳምንት በሰላም አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት ሰናይት ጠጋ ብላ “ስሚ፣ ሦስተኛዋ አንዳንዴ ትጨልማለች” አለችኝ።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። “ሴቲንግ ነው። ቅዳሜ ቼክ አደርገዋለሁ” አልኳት።

ቅዳሜ ስሄድ ጋሼ ይልማ መደርደሪያዋ ሥር ወንበር አስቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። እሳቸው እያዩኝ የእሳቸውን ነቅዬ የራሴን ልግጠም? መሰላል ላይ ወጣሁ፣ በጣቶቼ ትንሽ አጠበቅኩት፣ ወረድኩ።

“ደህና ነው?” አሉኝ።

“በጣም ደህና ነው፣ ጋሼ።”

በሚቀጥለው ሐሙስ ክፍል ውስጥ ሳለሁ እትዬ ጥሩወርቅ አምስት ጊዜ ደወሉ። ስደርስ ሱቁ ውስጥ እሳቸው፣ ጋሼ ይልማና ሙሉጌታ መቅጃው ፊት ቆመዋል። ሰናይት ሽርጧን እንደለበሰች ግድግዳ ተደግፋለች። ማንም አያናግራትም።

ክሬንሾው የምትኖር አንዲት ነርስ ለአባቷ የገዛችው የጆሮ መስሚያ መሣሪያ ከመደርደሪያዋ ጠፍቷል። ጠዋት ዕቃው እዚያው ነበር። አመሻሹ ላይ መንገደኛው ሊወስደው ሲመጣ የለም።

“ይኸውልሽ እይ” አሉ እትዬ። ሁለተኛው ካሜራ ላይ ሰናይት መጥረጊያ ይዛ ወደ ጓሮ ስታልፍ ትታያለች። ሦስተኛው በዚያው ሰዓት ጥቁር ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጥቁር። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ መደርደሪያዋ ተመልሳ ትመጣለች፤ አንድ ዕቃ ጎድሏት።

“ነቅላዋለች” አለ ሙሉጌታ። “ነቀለች፣ ወሰደች፣ መልሳ ሰካች። ኦኬ? ሌላ ምን አለው?”

“በመጥረጊያ ነው የነቀልኩት?” አለች ሰናይት።

“እኔ አንቺን አላልኩም፤ ማሽኑ ነው ያለው። ማሽን አይሳሳትም።”

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። “ኢንጂነሯ፣ አንቺ ንገሪኝ። ካሜራ እንዲሁ በራሱ ይጠፋል?”

ጋሼ ይልማ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያዩኛል። ሰናይትም ታየኛለች። የማውቀውን አውቃለሁ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ይሄ ነው፦

“ብዙ ጊዜ በራሱ አይጠፋም።”

ውሸት አይደለም። ፈተና ላይ ቢመጣ እንኳን ነጥብ ያሰጣል። ሰናይት ከግድግዳው ተነሳች።

“ትርሲት፣ ትጨልማለች ብዬ ነግሬሽ አልነበረም?”

“ነግረሽኛል” አልኩ። የረዳኋት መስሎኝ ነበር።

“አያችሁ!” አሉ እትዬ። “ታውቅ ነበር። ስታጠናው ነው የከረመችው።”

 እትዬ ፖሊስ እንደማይጠሩ ተናገሩ፤ ለወረቀቷ አዝነው። እሁድ ሽማግሌ ተቀምጦ ነገሩ በአገር ወግ ያልቃል፤ እስከዚያ ሥራ አትግባ። ፖሊስ አለመጥራታቸውን ግን ለጎረቤት ሱቅ፣ ለምግብ ቤቱና ለፀጉር ቤቱ ነገሩ። በማግስቱ ፌርፋክስ ላይ ፖሊስ ያልተጠራባት ሌባ ማን እንደሆነች የማያውቅ አልነበረም። ከዚያ መንገድ ውጭ ደግሞ ሰናይትን የሚያውቅ ቀጣሪ የለም።

ዓርብ “ሴቲንጉን ላየው” ብዬ ሄድኩ። መቅጃው ምስል የጠፋበትን ሰዓት ሁሉ መዝግቦ እንደሚያስቀምጥ ያን ዕለት ነው ያወቅኩት። የሦስተኛውን ካሜራ ከፈትኩና ቁልቁል ማንበብ ጀመርኩ። ዝርዝሩ አያልቅም። ንጋት ላይ ጠፍቷል። እሁድ ጠፍቷል። ሱቁ ዝግ በሆነበት ሰኞ፣ ቁልፉ እትዬ ኪስ ውስጥ ብቻ ባለበት ሰኞ፣ አራት ጊዜ ጠፍቷል። መሰላል ላይ ወጣሁ። ኬብሉ ከጣሪያው ሙቀት ሥር በራሱ ክብደት ተንጠልጥሏል። በአንድ ጣት ነካሁት። ኮኔክተሩ እጄ ላይ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኪሴ ውስጥ የራሴ ኮኔክተር ነበር፤ መሣሪያውም ቦርሳዬ ውስጥ። በሦስት ደቂቃ ቀይሬ፣ ካሜራው ዳግመኛ ሳይጠፋ፣ ጋሼም ሳያፍሩ፣ እኔም ኢንጂነር እንደሆንኩ መኖር እችል ነበር። ያን አሰብኩት። ለአንድ አፍታ ሳይሆን ቆም ብዬ አሰብኩት። ከዚያ ኮኔክተሩን እንደነበረ መልሼ ጠምዝዤ፣ የመቅጃውን ዝርዝር ፕሪንት አድርጌ ወጣሁ። ድፍረት አልነበረም። ብቻ ያን ነገር ለመሥራት እጄ እምቢ አለኝ።

ቅዳሜ ኮሪያታውን ሄድኩ። ሰናይት ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፋ ለእሁድ የምትለብሰውን ቀሚስ ትተኩሳለች። ወረቀቱን ሰጠኋት። አነበበችው። ሰኞ የሚለው ላይ ጣቷን አሳረፈች።

“ሶ፣ ሐሙስ ዕለት ታውቂ ነበር?”

“እርግጠኛ አልነበርኩም።”

“ትርሲት።”

“አውቅ ነበር” አልኩ።

ካውያውን አቆመችው። “ነገ ትናገሪያለሽ?”

“እናገራለሁ። ብቻ ጋሼን አስቀድሜ ለብቻቸው ላናግራቸው? ሰው ፊት እንዳያፍሩ…”

“ለብቻቸው?” አለች። “እኔ ሌባ የተባልኩት በለሆሳስ ነው እንዴ?”

 ሻይ አላፈላችልኝም። ትክክል ነበረች።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሱቁ ተዘግቶ ወንበሮች ክብ ሠሩ። ጋሼ ይልማ መሐል ላይ፣ ሁለት ሌሎች አዛውንቶች ግራና ቀኝ፣ እትዬ በነጠላቸው ተከናንበው ጥግ ላይ። ሙሉጌታ ሽማግሌ ባይሆንም ቀርቶ አያውቅም። ጋሼ ጸሎት አደረሱና ወደ ሰናይት ዞሩ። ድምፃቸው የእውነት የአባት ድምፅ ነበር።

“ልጄ፣ ሰው ነን። ሰይጣን ያሳስታል። ጥሩዬን ‘ይቅር በይኝ’ በያት፣ እሷም ‘ይቅር ለእግዚአብሔር’ ትበልሽ፣ እዚሁ ተሳስማችሁ እዚሁ ይቅር። ምን ወሰድሽ፣ ለምን ወሰድሽ ብሎ የሚጠይቅሽ የለም።”

“ጋሼ፣ ይጠይቁኝ እንጂ!” አለች ሰናይት። “የሚጠይቀኝ ጠፍቶ ነው እኮ የታመምኩት።”

“ኧረ ልጄ፣ ነገር አታርዝሚ። አንድ ቃል ናት።”

“ያላደረግኩትን ይቅርታ አልጠይቅም።”

ከቀኝ በኩል ያሉት አዛውንት ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ “አያችሁልኝ ጥጋቧን!” አሉ። ጋሼ ግንባራቸውን አሹ። ሽምግልና እንዲህ ሲከሽፍ ዕጣ ፈንታው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሰዉ “ሽማግሌ የረገጠች” ይላታል፤ ከሌባም የባሰ ስም ነው።

ተነሳሁ። 

“ካሜራውን ማንም አልነቀለውም” አልኩ። “ጥፋቱ የኔ ነው። ኮኔክተሩ ላልቶ ነው።”

 ከዚያ ጋሼ ይልማ በፍቅር ፈገግ አሉልኝ።

“አየሽ ጥሩዬ፣ ልጅ ማለት እንዲህ ነው። ልትሸፍንላት ነው። ተባረኪ ልጄ፣ ተቀመጪ።”

“አይደለም፣ ጋሼ። እውነቴን ነው።”

“ገብቶናል። ደግነትሽን አይተናል። ቁጭ በይ።”

አንባቢዎቼ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተመስግኜ አላውቅም። ጥፋተኛ ነኝ ባልኩ ቁጥር ይመርቁኛል። ወረቀቱን አወጣሁና ሰኞ የሚለውን አሳየኋቸው። ሙሉጌታ ተቀብሎ አየውና መለሰው።

“ኮምፒዩተር እኮ ይሳሳታል።”

“ሐሙስ ማሽን አይሳሳትም ስትል አልነበረም?” አለች ሰናይት።

“ያ ሌላ ማሽን ነው!”

አንድ ነው። ያው ሣጥን ነው። ያኔ ነው በወረቀት እንደማይሆን የገባኝ። መሰላሉን አመጣሁ፣ ከሦስተኛው ካሜራ ኬብል ላይ ጫፉን ከነኮኔክተሩ ቆርጬ ወረድኩ። ከቦርሳዬ ደግሞ የራሴ ዓይነት ኮኔክተር በሁለቱም ጫፍ የገጠምኩበት ቁራጭ ኬብል አወጣሁ።

መጀመሪያ የራሴን ለሁለቱ አዛውንቶች ሰጠኋቸው። “እባካችሁ፣ አንድ አንድ ጫፍ ይዛችሁ ሳቡልኝ።”

ተያዩ። ቀስ ብለው ሳቡ። ትንሽ ጠንከር አደረጉ። ከዚያ አንዱ “ቆይ እስቲ” ብለው እግራቸውን ወለሉ ላይ አጸኑ። ክራቫት ያሰሩ ሁለት ሽማግሌዎች ለዕርቅ በመጡበት ቤት ኬብል ይጓተቱ ጀመር። “አይለቅም!” “ሳብ እንጂ ሰውዬ!” ሙሉጌታ ሊያግዝ ተነሳ። አልለቀቀም።

ከዚያ ሌላውን ለጋሼ ይልማ አቀረብኩ። በሁለት እጅ ነው ያቀረብኩት። “ጋሼ፣ ይህን ደግሞ እርስዎ።”

ያዙት። መሳቡን ገና ሳይጀምሩ፣ ቀና ብለው ሊያዩኝ ሲሉ፣ ሻይ ውስጥ እንደቆየ ብስኩት እጃቸው ላይ ለሁለት ተለየ።

ኮኔክተሩን መነጽራቸው ድረስ አቀረቡት። “ይሄ የእኔ ነው?”

“አዎ፣ ጋሼ።”

“እንደሚላላ ታውቂ ነበር?”

“አስተማሪዬ ነግሮኝ ነበር።”

“ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?”

“እንዳይከፋዎት ብዬ ነው።”

ጋሼ ይልማ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። አልጮሁም። ኮኔክተሩን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው እያዩት ነው የተናገሩት።

“እኔ እንዳይከፋኝ ብለሽ ይቺን ልጅ ሌባ አስባልሻት?”

መሬቱን አየሁ። 

“ፓርኪንጉ ላይ የሰቀልኩትን ካሜራ እኮ” አሉ ጋሼ ቀጥለው፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ፣ “አንድም ቀን አይተነው አናውቅም። ይሥራ አይሥራ እግዜር ይወቀው። ብትነግሪኝ እስቅ ነበር።” ከዚያ ወንበራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ይቅርታ ሊያስጠይቁ የመጡት ሰውዬ በሰናይት ፊት ባርኔጣቸውን አወለቁ። “ልጄ፣ ይቅርታ ጠያቂውን ተሳስተናል። ይቅር በይን።”

ሁለቱ አዛውንቶችም ተነሱ። እትዬ “እኔ መቼ ሌባ ወጣኝ? ዕቃ ጠፋ ነው ያልኩ!” ብለው ጀመሩና፣ ጋሼ ሲያዩዋቸው ነጠላቸውን አስተካክለው “ይቅር በይኝ” አሉ። ሙሉጌታ ጣሪያውን ያያል። ሰናይት “ይቅር ለእግዚአብሔር” አለች፤ ለሁሉም በየተራ። ለእኔም አለችኝ። ለእኔ ስትል ግን ዓይኔን አላየችም።

የመስሚያ መሣሪያውን ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አይታወቅም። የሚያውቀው ሦስተኛው ካሜራ ብቻ ነበር። ነርሷ ለአባቷ ሌላ ገዝታ በራሷ መንገደኛ ላከች።

እኔ አሁን ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለአንድ ካሜራ ገጣሚ ድርጅት እሠራለሁ፤ የምገጥመው ኮምፕሬሽን ብቻ ነው። ፌርፋክስ ላይ ማዕረጌ ተገፏል። “ያቺ እምቢ ባይ ልጅ” ይሉኛል፤ የማላውቀውን አላውቅም፣ የማይሆነውን አይሆንም ስለምል። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ማይክሮዌቫቸውን እንዳይላቸው ጠሩኝ። “ስለ ማይክሮዌቭ አላውቅም” ስላቸው “ታዲያ ምን ተማርሽ?” አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጋሼ ይልማ ብቻ ናቸው ነገር ከመግዛታቸው በፊት ደውለው የሚጠይቁኝ። ያከበርኳቸው ያን ጊዜ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ነው።

እናንተም ትልቅ ሰው አክብሩ። ወንበር ልቀቁ፣ ጉርሻ አትመልሱ፣ ምርቃቱን ቆማችሁ ተቀበሉ። ግን አክብሮታችሁ ከጀርባ ሌላ ሰው እየከፈለበት እንዳይሆን እዩ። እኔ ደግ ሰው ነበርኩ፤ ለሦስት ሰው ደግ ሆኜ በአራተኛዋ ላይ ያደረግኩትን አይታችኋል። የሚከፍለው ደግሞ ሁልጊዜ ከክፍሉ ውስጥ ወረቀት የሌለው፣ ዘመድ የሌለው፣ መሰላል ያዢው ነው።

ሰናይት ምን ሆነች ትሉ ይሆናል። እትዬ ማክሰኞ ተመለሺ ብለዋት ነበር፤ መጣችም። እኔ ሰኞ ሁሉንም ኮኔክተር ቀይሬ፣ ማክሰኞ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ምስሉን እያየሁ ነበር። ሰናይት ሽርጧን አጥፋ ባንኮኒው ላይ አኖረች።

“እትዬ፣ አመሰግናለሁ። ሌላ ቦታ ልሞክር ነው።”

“ምን አጠፋሁ? ታረቅን አይደል?”

“ታርቀናል” አለች ሰናይት።

ከዚያ ወደ መደርደሪያዋ ሄደች። በሦስተኛው ካሜራ ሥር ቆመችና የእጅ ቦርሳዋን ከፈተች። አንድ በአንድ እያወጣች መደርደሪያዋ ላይ ደረደረች፦ የአውቶቡስ ካርድ፣ ቁልፍ፣ የከንፈር ቅባት፣ ትንሽ መዝሙረ ዳዊት፣ ማበጠሪያ። የቦርሳውን ውስጥ ወደ ካሜራው ገልብጣ አሳየች። እትዬ “ኧረ በወላዲት አምላክ፣ ተይ፣ ማን ጠየቀሽ!” እያሉ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ማንም አልጠየቃትም። ሁሉንም አንድ በአንድ መልሳ ከተተች፣ ቦርሳዋን ዘጋች፣ በፊት በር ወጣች።

መቅጃው ከወር በኋላ በአሮጌው ምስል ላይ አዲስ ይጽፍበታል። ያንን ቀን ግን እኔ ቀድቼ አስቀምጬዋለሁ። ከማበጠሪያዋ ጥርስ አንዱ መሰበሩ እንኳን ይታያል።